ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ ሻምፖው ለምን አረፋ አይሰጥም?

ጥያቄ፦ ፀጉር ቤት አለኝ። ቅቤ የተቀቡ ደንበኞችን ሳጥብ ሻምፖው አረፋ አይሰጠኝም። ለሁሉም አንድ ሻምፖ መጠቀሜስ ያስኬዳል?

መልስ፦ አረፋ አልሰጠም ማለት አልሠራም ማለት አይደለም። የሻምፖ አጣቢ ንጥረ ነገር አንዱ ጫፉ ውሃ፣ ሌላው ቅባት ይወዳል፤ ቅባቱን ከብቦ ከውሃው ጋር ይዞት ይወርዳል። ቅቤው ሲበዛ አጣቢው እዚያው ይያዝና ለአረፋ የሚተርፍ ይጠፋል። እናም ብዙ ከማፍሰስ ለብ ባለ ውሃ ሁለቴ ይጠቡ። በመጀመሪያው ጥቂት ሻምፖ አድርገው ቆዳውን በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ አሽተው ያለቅልቁ፤ በሁለተኛው አረፋው ራሱ ይመጣል።

አንድ ሻምፖ ለሁሉም? አያስኬድም። በተለይ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል (ሪላክሰር) ላይ ቀልድ የለም። የሪላክሰር ፒኤች 12ና ከዚያ በላይ ስለሚደርስ፣ በደንብ ካለቀለቁ በኋላ አሲድነት ያለው ማርከሻ ሻምፖ የግድ ነው። አንዳንዱ ማርከሻ ቅሪት ካለ አረፋው ሮዝ ይሆናል፤ ነጭ እስኪሆን ይደጋግሙት። ደንበኛዋ ብትቸኩልም አይልቀቋት። ቀለም ለተቀባና ለደረቀ ፀጉር ሰልፌት የሌለው ለስላሳ ሻምፖ ይሻላል። የልብስ ሳሙና ግን ለማንም አይሁን።

ለፎረፎር ኬቶኮናዞል ወይም ዚንክ ፓይሪታዮን ያለበትን ይምረጡ፤ ወዲያው ከታጠበ ግን ጥቅም የለውም፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆይ። ቆዳው ከቆሰለ ወይም ፀጉሩ በቦታ በቦታ ከተመለጠ ሥራው የቆዳ ሐኪም ነው፤ ማበጠሪያውንም ለሌላ ደንበኛ እንዳይጠቀሙበት።