የተቀደደ አንጓና የደነዘዘ ጣት

ሰው ሲወድቅ አስቀድሞ መሬት የሚነካው በእጁ ነው። ስለዚህ አንጓ ቶሎ ይሰበራል። አንጓችን 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ከእነዚህ አንዱ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው፣ ደም በደንብ ስለማይደርሰው ቀስ ብሎ ይገጥማል። አንዳንዴ ሐኪም ቀዶ በብሎን ያያይዘዋል።

ከዚያ በኋላ ጣት ለምን ይደነዝዛል? በአንጓው ውስጥ በጠባብ በር ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። ነርቭ ማለት የነካነውን ነገር ለአንጎል የሚያስታውቅ ክር ነው። ቦታው ሲያብጥ ነርቩ ይጨነቃል፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ይደነዝዛሉ። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይሻላል። የተበጠሰ ነርቭ ግን ቢሰፋም የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጤፋችን እንኳ ከዚህ ይፈጥናል!

እስኪሻለን እጃችንን ከፍ አድርገን እንያዝ፤ ጣቶቻችንን እናጥፍ፣ እንዘርጋ። እርፍ መጨበጡ ሐኪም እስኪፈቅድ ይቆይ። የደነዘዘ ጣት እሳት አያውቅምና ከምድጃና ከምጣድ እንጠንቀቅ።

ሕመሙ እየጠና ከሄደ፣ ጣቶቹም ከገረጡ ወይም ከቀዘቀዙ ግን ደም ታግዷል ማለት ነው። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረውም እጅ እንዲሁ ይሆናል። ደም ያጣ እጅ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ በአገራችን በዚህ ሰበብ እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። የወጌሻው እስር ወዲያው ይፈታ። ጀሶ ከሆነ ሐኪም ይቅደደው። ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ለመሄድ ገበያ ቀን አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን እንነሣ።