ለማረድና ለመግፈፍ የሚስማማ ቢላዋ ስለ መምረጥ

ገጀራ ለምንጣሮ፤ ማጭድ ለአጨዳ፤ መጥረቢያም ለፈለጣ እንደ ተለየ ሁሉ፤ ከብት የሚያርድ ሰውም የማረጃና የመግፈፊያ ቢላዋው ለየብቻ ሊሆን ይገባል። በብዙ ቤት ግን አንዱ ሹል ቢላዋ ያርዳል፤ ይገፍፋል፤ ሥጋም ይበልታል። የዚህም ጉዳት የሚታየው በቆዳው ላይ ነው።

ሹል ጫፍ ቆዳውን ከሥጋው ሲለይ ይበሳዋል ወይም በውስጥ በኩል ይጭረዋል። ጭረቱ ቆዳው እርጥብ ሳለ ባይታወቅም፤ ከለፋ በኋላ ጎልቶ ይወጣል፤ ደረጃውም ዝቅ ስለሚል ዋጋው ይቀንሳል። የኢትዮጵያ በግ ሌጦ ለእጅ ጓንት ሥራ በውጭ አገር ገበያ የተመሰገነ ነውና፤ በጥቂት ደቂቃ ችኰላ የሚደርሰው ጥፋት ከባለ ከብቱ አልፎ ለነጋዴውና ለአገሩም ይተርፋል።

ቢላዎቹ የሚመረጡት እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ የማረጃ ቢላዋ ቀጥ ያለና ጫፉ ሹል የሆነ ነው። ከማረድ በቀር፤ ቆዳውን ከአንገት እስከ ጅራት በሆድ በኩል ቀጥ አድርጎ ለመቅደድ ያገለግላል። በሚቀደድበትም ጊዜ ሥጋው እንዳይነካ ስለቱ ወደ ውጭ ይዞር።

2ኛ፤ የመግፈፊያ ቢላዋ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ ስለቱ የጎበጠ፤ ጫፉም ክብ የሆነ ነው። ይህ ለበሬና ለላም ይሆናል። ቆዳው በአንድ እጅ ተወጥሮ ተይዞ፤ ጫፉ ሳይሆን ጎባጣው ስለት ይሥራ። በግና ፍየል ግን ከተቀደዱ በኋላ ብዙ ቢላዋ አያሻቸውም፤ ቡጢን በሌጦውና በሥጋው መካከል አስገብቶ በመግፋት ይገፈፋሉ።

ገዢው የቢላዋው ብረት እስከ እጀታው መጨረሻ የዘለቀ መሆኑን፤ እጀታውም ስብ ሲነካው የማያሟልጭ መሆኑን ይመልከት። ቀጥቃጮች ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢላዋ፤ እሳትና ውሃ በሚገባ ካገኘ፤ ስለቱን ይዞ ይቆያል፤ ነገር ግን ስለሚዝግ ታጥቦ፤ ደርቆና ጥቂት ዘይት ተቀብቶ መቀመጥ አለበት። የማይዝገው ብረት ለንጽሕና ይመቻል፤ ለመሳል ግን ብዙውን ጊዜ የበለጠ ድካም ይጠይቃል።

የዶለዶመ ቢላዋ ጉልበት ስለሚጠይቅ ያመልጣል፤ እጅንም ቆዳንም ይቈርጣል። ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር በመሳያ ድንጋይ ይሳል፤ ሲያበቃም ወደ አፎቱ ይግባ።

ሁለት ቢላዋ መግዛት ለአንድ ሰው ቢከብድ፤ በበዓል ቅርጫ የሚገቡ ጎረቤቶች አንድ የመግፈፊያ ቢላዋ በጋራ ሊገዙ ይችላሉ።