ለሠዓሊ የሚሆን ቤት በርካሽ እንዴት ይገኛል?

ሀ. መነሻ

ባለፈው ዓመት ሥዕል የምንሞክር ጥቂት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን በሮቤ ከተማ አንዲት የጓሮ ክፍል ተከራይተን ነበር። በክረምቱ ግድግዳዋ ወዛ፤ ተደግፈው የነበሩት ሸራዎችም ሻገቱ። በሦስተኛው ወር አከራያችን፣ ምንም እንኳ ደግ ሴት ቢሆኑ፣ «የተርፐንታይኑ ሽታ ልጆቼን አስቸገረብኝ፤ ልቀቁልኝ» አሉን። ውል ስላልነበረን የምንመልሰው አልነበረንም። ያን ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በኪራይ ውድነት አሳበብን። ነገሩን ካጠናነው በኋላ ግን ሌላ ነገር ተረዳን። ለሠዓሊ ርካሽ ቤት ብቻውን አይበቃውም፤ በማናቸውም ቀን የማይነጠቅ ቤት ያስፈልገዋል። ይህንኑ ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን።

ለ. ሠዓሊ ምን ዓይነት ቤት ይፈልጋል?

እርሳስና ወረቀት የያዘ ሰው በዛፍ ጥላ ሥርም ቢሆን ይሠራል። በዘይት ቀለም ለሚሠራ ግን ሦስት ነገሮች ግድ ናቸው።

አንደኛው ብርሃን ነው። በአውሮፓ የተጻፉ የሥዕል መምሪያዎች «መስኮቱ ወደ ሰሜን ይሁን» ይላሉ፤ በዚያ በኩል ፀሐይ ስለማትገባ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥምና። ይህን ሕግ እንዳለ ወደ ባሌ ማምጣት ግን ስሕተት ነው። ሮቤና ጎባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜናችን በኩል ነው። በእነዚያ ወራት ጠዋትና ማታ ጨረርዋ በሰሜኑ መስኮት ይገባል። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሰሜን መስኮት ረዘም ያለ የጣራ ክፈፍ ወይም የስስ አቡጀዴ መጋረጃ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው አየር ነው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ስለሆነ፣ በብርድ ጊዜ መድረቁ ይዘገያል። ብርዱን ፈርቶ መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሕይወትን ያሳጣል። በተርፐንታይን ሽታ ውስጥ መተኛትም ጤና አይሰጥም። እንግዲህ የሥራው ክፍልና መኝታው ይለያዩ ካልን፣ ድኻው ሠዓሊ ሁለት ኪራይ ይከፍላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ያልደረቀ ሥዕል ሳይነካ ለሳምንታት መቆም አለበት። በየሦስት ወሩ ዕቃውን እየተሸከመ የሚዞር ሰው ትልቅ ሥዕል ለመጀመር አይደፍርም።

ሐ. ሌሎች እንዴት አደረጉ?

በአገራችን በቀድሞ ዘመን ሠዓሊው በአመዛኙ የሚሠራው ለቤተ ክርስቲያን ስለነበር፣ የሥራ ቦታውም ከትእዛዙ ጋር ይመጣ ነበር። በ1950 ዓ.ም. አቶ አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ካቋቋሙ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ተማሪው በትምህርት ላይ ሳለ ብርሃንና ቦታ ያገኛል፤ በተመረቀ ማግስት ግን ለራሱ ቤት መፈለግ አለበት። አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ «ቪላ አልፋ» የተባለ መኖሪያና የሥራ ቤት ለራሳቸው ሠርተዋል። ይህ ግን ትልልቅ ሥራ ለሚታዘዝለት እንጂ ለጀማሪ አይሆንም።

ወደ ውጭ አገር እንመልከት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ቀራፂው አልፍሬድ ቡሼ ለ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ተሠርቶ የነበረውን የወይን ጠጅ አዳራሽ ገዝቶ በሌላ ቦታ አስተከለና «ላ ሩሽ»፣ ማለት «የንብ ቀፎ»፣ ብሎ ለሠዓልያን በጥቂት ኪራይ ከፈተው። ሻጋልና ሱቲን ድኾች ሳሉ የሠሩት በዚያ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሊፈርስ ቢቃረብም ወዳጆቹ ተባብረው አዳኑት፤ ዛሬም ሠዓልያን ይሠሩበታል።

በለንደን ደግሞ በ1968 ብሪጅት ራይሊና ፒተር ሴጅሊ «ስፔስ» የተባለ ድርጅት አቋቁመው በወደብ አጠገብ የነበረ ባዶ መጋዘን ተከራዩ፤ ክፍል ክፍል አድርገውም ለጓደኞቻቸው አካፈሉት። ውሉ አጭር ስለነበር ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጋዘኑን ለቀቁ። ድርጅቱ ግን አልፈረሰም፤ ሌላ ቤት ይዞ ቀጠለ።

ከሁለቱ የምንማረው ይህ ነው፦ ቤቱን የሚይዘው አንድ ሠዓሊ ሳይሆን ማኅበር ከሆነ፣ ሰው ቢሄድም ቤት ቢለቀቅም ሥራው አይቋረጥም።

መ. እኛስ ምን እናድርግ?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ባሌ የስንዴ አገር ነው፤ የእህል መጋዘን እንለምን» ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም መጋዘን መስኮት የለውም፤ የገለባ ብናኝም እርጥብ ቀለም ላይ ይለጠፋል። መስኮት ካልተከፈተለትና ከእህሉ በግድግዳ ካልተለየ አይሆንም። ከዚህ የሚሻለው አንድ መካከለኛ አዳራሽ በኮምፔርሳቶ ከፋፍሎ መጠቀም ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። በመጀመሪያ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን በከተማው ከሚኖሩ ሠዓልያን ጋር ሆኖ በሕግ የታወቀ የሥዕል ማኅበር ያቋቁም። ሁለተኛ፣ ይህ ማኅበር ቢያንስ ለአምስት ዓመት በጽሑፍ ውል አንድ ቤት ይከራይ፤ ኪራዩም በያዙት ስፋት ልክ ይከፈል። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ቀን በሩ ለከተማው ልጆች ይከፈት፤ ሕዝብ የሚያውቀውንና የሚጠቀምበትን ቤት በቀላሉ አያስወስድምና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ኪራይም እንደዚሁ ነው። ይህን ካላደረግን ግን ከመካከላችን እጁ የተባረከለት ሁሉ በተመረቀ ማግስት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የሳነቴን ጅብራና ቀይ ቀበሮም ከፎቶግራፍ እየገለበጠ ይሥላል። እኛ የምንመኘው ግን ጠዋት ሳነቴ ወጥቶ በዓይኑ ያየውን ማታ ሮቤ ገብቶ በሸራው ላይ የሚያሰፍር ሠዓሊ ነው። ለዚህም መጀመሪያ በሩን የሚከፍትበት ቁልፍ በእጁ ሊኖር ይገባል።