የመስከረሙን ንግግር ሰምተን ምን እንጠይቅ?

በየዓመቱ በመስከረም ወር የመጨረሻው ሳምንት፣ ሰኞ ቀን፣ ራዲዮ የከፈተ ሰው አንድ ረዘም ያለ ንግግር ይሰማል። የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት አዲስ አበባ ላይ በአንድነት በተሰበሰቡበት ቆመው፣ መንግሥት ባለፈው ዓመት የሠራውንና በአዲሱ ዓመት ሊሠራ ያሰበውን ይናገራሉ። ቀኑ እንዲያው የተመረጠ አይደለም። ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 58 የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ በዚህ ሰኞ እንዲጀመርና ሰኔ 30 እንዲያበቃ ያዛል። የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ የሚከፍቱት ፕሬዚዳንቱ መሆናቸውም በአንቀጽ 71 ተጽፏል።

በዚያ ሰኞ እኛ ገበሬዎች የት ነን? ጤፉ ገና አልደረሰም። ያምናው እህል ከጎተራ እያለቀ ነው። ከብት የሚጠብቅ አለ፣ አረም የሚነቅል አለ። ንግግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያዳምጠው ጥቂት ሰው ነው። ማታ በዜና ቁራጩን እንሰማና ጎረቤት ከጎረቤት «ዛሬ ምን አሉ?» እንባባላለን። መልሱ ብዙ ጊዜ «ደግ ደግ ነገር አሉ» ነው፤ አለዚያም «ኧረ ያው የተለመደው ነው» ይሆናል። ሁለቱም መልስ አይጠቅመንም። የተነገረው ስለ ማሳችን፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤትና ስለምንገዛው ማዳበሪያ ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚደመጥ ማወቅ አለብን።

በቅድሚያ የሚናገረውንና የሚመልሰውን ሰው እንለይ። በሀገራችን ሕግ ፕሬዚዳንቱ የሀገሪቱ ርእሰ ብሔር ናቸው። ሥራውን የሚያሠራው፣ ሚኒስትሮችን የሚመራው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ስለዚህ በመስከረም የምንሰማው ድምፅ የፕሬዚዳንቱ ቢሆንም የሚነበበው የመንግሥት ዕቅድ ነው። ከዚያ በኋላ የምክር ቤቱ አባላት በንግግሩ ላይ ይወያያሉ። ይህን ውይይት «የድጋፍ ሞሽን» ይሉታል፤ ዕቅዱን ተቀብለናል ብሎ ድምፅ መስጠት ማለት ነው። አባላቱ ይጠይቃሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው ይመልሳሉ። እንግዲህ ከሰኞው ንግግር እስከዚያ ቀን ድረስ ጥቂት ሳምንታት አሉ። የእኛ ጥያቄ በተወካያችን አፍ ሊነገር የሚችለው በእነዚያ ሳምንታት ነው።

እስቲ አንዱን ዓመት ይዘን እንመልከት። መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በዚያ ዕለት አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ በወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ምትክ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ የዓመቱንም ንግግር አደረጉ። መንግሥት በዚያ ዓመት የሀገሪቱ ኢኮኖሚ 8.4 በመቶ እንዲያድግ አቅዶ ነበር።

8.4 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? «በመቶ» ማለት አንድን ነገር መቶ ቦታ ከፍለን ከዚያ ውስጥ ስንት እጅ እንደሆነ መናገር ነው። አንድ ገበሬ አምና 10 ኩንታል አግኝቶ ዘንድሮ 11 ቢያገኝ ምርቱ በ10 በመቶ አደገ እንላለን። ሀገሪቱ 8.4 በመቶ አደገች ሲባልም አምና 100 ብር ያወጣ የነበረው ምርትና አገልግሎት ሁሉ፣ የዋጋ ጭማሪው ሳይታሰብ፣ ዘንድሮ 108 ብር ከ40 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አንደኛው አምና 30 ኩንታል አገኘ፣ ሁለተኛው 10። ድምሩ 40 ነው። ዘንድሮ የመጀመሪያው 34 አገኘ፤ ሁለተኛው ያው 10 ነው። ድምሩ 44 ሆነ። የሁለቱ ምርት በአንድነት በ10 በመቶ አድጓል! ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ሁለተኛው ሰው ቤት ግን ምንም አልተጨመረም፤ ልጅ ተወልዶ ከሆነ እንዲያውም ቀንሷል፣ ያው እህል ለብዙ አፍ ይከፈላልና። ስለዚህ የዕድገት ቁጥር ስንሰማ «ውሸት ነው» ብሎ መጣልም «እውነት ነው» ብሎ ማጨብጨብም አይበቃም። የማን ምርት አደገ? የቆላው ነው የደጋው? የቡናው ነው የጤፉ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን አንብቦታል ማለት ነው።

ቁጥር የሌለበትን ቃል መመዘን ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። እዚህ ላይ የሚረዳን የራሳችን ቋንቋ ነው። ግሡን እንስማ። «መንገዱ ተሠርቷል» ሲባል ያለቀ ነገር ነው፤ ሄዶ ማየት ይቻላል። «እየተሠራ ነው» ከተባለ መቼ ተጀመረ፣ መቼ ያልቃል ብሎ መጠየቅ ነው። «ይሠራል» ተስፋ ነው። ከሁሉ የሚያዳልጠው ግን «ትኩረት ይሰጠዋል»፣ «ጥረት ይደረጋል»፣ «ይጠናከራል» የሚለው ነው። እንዲህ ያለው ቃል መቼ፣ የት፣ ስንት የሚባል ነገር የለውም። ዓመቱ አልቆ «ትኩረት ሰጥታችኋል ወይ?» ብንል «አዎ፣ ሰጥተናል» ቢሉን በምን እናስተባብላለን? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ማንበብና መጻፍ የቻልን ሰዎች ንግግሩን እየሰማን ለእኛ ኑሮ የሚቀርቡትን ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ከነግሣቸው በደብተር ብንጽፍ፣ በሚመጣው መስከረም አውጥተን እናነጻጽራለን። ሁሉን ልጻፍ የሚል ሰው ይሰለቻል፤ አያስፈልግም።

«ሰላም» የሚለው ቃል በየዓመቱ ይነገራል። በኩንታል አይለካም። እኛ ግን መለኪያ አናጣለትም። ገበያ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው ወይ? መኪናው ማታ ይገባል ወይ? ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ ወይ?

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው በመስከረም አይደለም፤ በሐምሌ 1 ነው። የ2017 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ የጸደቀው ገና በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር ነበር። እንግዲህ በመስከረም ንግግሩ ሲደረግ ገንዘቡ አስቀድሞ ተመድቧል። ስለዚህ አዲስ ተስፋ ስንሰማ «ይህ በሰኔ በጸደቀው በጀት ውስጥ አለ ወይ?» ማለት ተገቢ ነው። ከሌለ አንድም የሚመጣውን ዓመት ይጠብቃል፣ አንድም ተጨማሪ በጀት ያስፈልገዋል። በ2017ም የሆነው ይኸው ነው፤ በኅዳር ወር 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ።

ያን ያህል ገንዘብ በዓመቱ መካከል ለምን አስፈለገ? ዋናው ምክንያት ከውጭ ገንዘብ ጋር ይያያዛል፤ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ገበሬ ዶላር ምን ያደርግለታል? ይባል ይሆናል። ማዳበሪያ በዶላር ይገዛል። ከባሕር ማዶ በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከዚያ በመኪና ወደየክልሉ ይከፋፈላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ኩንታል በ50 ዶላር ተገዛ እንበል። ዶላሩ 57 ብር ሳለ ዋጋው 2,850 ብር ነው። ዶላሩ 100 ብር ሲሆን ያው ኩንታል 5,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱን ማን ይከፍላል? መንግሥት ማዳበሪያን እደጉማለሁ ብሎ ነበር። ድጎማ ማለት ከዋጋው ከፊሉን መንግሥት ይከፍላል ማለት ነው። እንግዲህ በመስከረም 2017 ንግግሩን ለሚሰማ ገበሬ ትልቁ ጥያቄ የ8.4 በመቶው አልነበረም። ድጎማው ስንት ነው? እስከ መቼ ነው? ከእኔ ኪስ የሚወጣውስ? የሚለው ነበር።

ጊዜውም ያሳስባል። በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ማዳበሪያውን በግንቦት ይፈልጋል። ግዢው፣ መርከቡና መኪናው ወራት ይወስዳሉ። በሰኔ መጋዘኑ ባዶ መሆኑን አይቶ መጮህ የዘገየ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በአማራ ክልል ማዳበሪያ ያጡ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። አቤቱታቸው ትክክል ነበር፤ የተዘራበት ወቅት ግን አይመለስም። ያው ጥያቄ በጥቅምት ቢጠየቅ ለመታዘዝና ለመጓጓዝ ጊዜ ይኖረዋል።

የተነገረውን እንደምንሰማ ሁሉ ያልተነገረውንም እናዳምጥ። በሀገራችን የመሪ ዓመታዊ ንግግር አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን ፓርላማው የሚከፈተው ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በጫኑበት ቀን፣ በጥቅምት 23፣ በዙፋን ንግግር ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ መስከረም 2 የአብዮት በዓል ተብሎ ይነገርበት ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ለሰዓታት ተናገሩ። በዚያው ወር በወሎና በትግራይ ገበሬው በረሃብ እያለቀ ነበር። ረሃቡ ግን በበዓሉ ንግግር ውስጥ ተገቢ ሥፍራ አላገኘም። በጥቅምት ከኮረም የተነሣው ፊልም በውጭ ሀገር ሲታይ ዓለም ደነገጠ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበሩት «ስለ ወሎ ለምን አልተነሣም?» የሚል አልነበረም፤ መጠየቅ ያስፈራ ነበርና። ይህን ያነሣነው ያለፈውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። አንድ ወረዳ ዝናብ ካጣ፣ ንግግሩ ደግሞ ስለ ጥሩ ምርት ብቻ ካወራ፣ ዝናብ ያጣው ወረዳ ሰው ሊናገር ይገባዋል።

ፍርሃቱ ዛሬስ የለም? አለ እንጂ። ብዙዎቻችን ዝም የምንለው ስለማናውቅ አይደለም። «የጠየቀ ሰው ስሙ ይያዛል» ብለን ነው። በሕጉ ግን አቤቱታ ማቅረብ መብት ነው፤ አንቀጽ 30 ይመለከቷል። የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል በአንቀጽ 12 ተጽፏል። ሕግ መጻፉ ብቻውን ፍርሃትን አያጠፋም፤ ይህን እናውቃለን። ስለዚህ ብቻችንን አንሂድ። እድርተኛው፣ ደቦ የሚወጣው፣ በአንድ ውሃ የሚጠቀመው በአንድ ላይ ይጻፍ። አሥራ አራት ሰው የፈረመበት ወረቀት የአንድ ሰው ጩኸት አይባልም።

ወዴት እንሂድ? የማኅበሩ መጋዘን ጣራ ቢያፈስ፣ ጤና ኬላው መድኃኒት ቢያጣ አዲስ አበባ መጻፍ አያሻም፤ የቀበሌውና የወረዳው ምክር ቤት ጉዳይ ነው። የማዳበሪያ ግዢና ድጎማ ግን የፌዴራሉን መንግሥት ይመለከታል። ይህን በተወካዮች ምክር ቤት ላለው ተመራጫችን እንነግራለን፤ ግልባጩን ለወረዳው እንሰጣለን። ተመራጩ ማን እንደሆነ የማናውቅ ከሆነ ከሁሉ አስቀድመን ስሙን እንጠይቅ።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ለወረዳችን ምክር ቤት

እኛ ከዚህ በታች የፈረምን 14 ገበሬዎች ነን። መንግሥት በመስከረም ባደረገው ንግግር ማዳበሪያ በወቅቱ ይቀርባል ብሏል። አምና ለቀበሌያችን የደረሰው በቆሎ ከተዘራ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። ለዘንድሮ ስንት ኩንታል እንደታዘዘልን፣ በየትኛው ወር መጋዘን እንደሚገባ፣ የአንዱ ኩንታል ዋጋም ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ጥቅምት 12 ቀን

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስድብ የለም፣ ውዳሴም የለም። ስንት፣ መቼ፣ በስንት ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ጥያቄ «ትኩረት ይሰጠዋል» ብሎ መመለስ ያሳፍራል።

ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ እናድርገው። አንዱን ስንሰጥ በሁለተኛው ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ቁጥር ጽፎ ማኅተም እንዲመታበት እንጠይቅ። ማኅተም የተመታበት ቅጂ ዝናብና አይጥ ከማይደርስበት ቦታ፣ ከመሬት ደብተራችን ጋር ይቀመጥ። መጋቢት ገብቶ መጋዘኑ ባዶ ከሆነ፣ ያን ወረቀት ይዘን እንሄዳለን።