ስለምትሰጪው መድኃኒት ምን ታውቂያለሽ?

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አሁን በሲሪንጅ የሳብሽው መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?

«ሐኪሙ አዟል» አትበዪኝ። ትዕዛዙ የሐኪሙ ነው። መርፌውን የያዘው እጅ ግን ያንቺ ነው።

(ወንድሜ፣ አንተም አታምልጥ። ይሄ ላንተም ነው!)

ማግኒዚየም ሰልፌትን እንውሰድ። ከእርግዝና ደም ግፊት ጋር የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የሚከላከልና የሚያቆም፣ ብዙ እናቶችን ያተረፈ መድኃኒት ነው። ቀጣዩን ዶዝ ከመስጠትሽ በፊት ሦስት ነገር ታያለሽ። የእናቲቱ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 አላነሰም? ከጉልበቷ በታች መታ ስታደርጊ እግሯ ዘለል ይላል? ሽንቷስ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ይሞላል?

ይህን ተምረሻል። ፈተናም አልፈሽበታል። ግን ሽንት ለምን?

ማግኒዚየም የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ነዋ! ሽንት ሲቀንስ መድኃኒቱ ይጠራቀማል። ሲጠራቀም መጀመሪያ የጉልበቷ ምላሽ ይጠፋል፤ እያደር ትንፋሿ ይቆማል። አየሽ? ጉልበቷ አስቀድሞ ይነግርሻል። ምክንያቱን ያወቀች ነርስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ እያዳፋት እንኳን፣ ምርመራውን አትዘለውም።

ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። ዋርድሽ ውስጥ የት ይቀመጣል? ቁልፉስ ማን ጋ ነው? ሳያስፈልግሽ በፊት እወቂ።

«ጊዜ የለኝም» ትያለሽ። እውነትሽን ነው፤ ዋርዱ ሞልቷል፣ አስታማሚው ይጣራል። ስለዚህ መጽሐፍ ጨርሺ አልልሽም። በቀን አንድ መድኃኒት። በቃ! ምን ይሠራል? በምን ይወጣል? ቢበዛ ምን ያመጣል? ዋርድሽ ደጋግሞ የሚጠቀምባቸውን መድኃኒቶች ሳታስቢው ትጨርሻቸዋለሽ።

መድኃኒት ከመስጠትሽ በፊት ስም አጠያየቅሽንም ቀይሪ። «እማማ፣ አልማዝ ነዎት?» አትበዪ። በሕመምና በእንቅልፍ መካከል ያለ ሰው ለማንም ስም «አቤት» ይላል። «ስምዎ ማን ነው?» በያቸው። ከዚያ ካርዱን እዪ።

ፖታሲየም ክሎራይድ? ሳይበረዝ በቀጥታ ደም ሥር አይገፋም። በፍጹም! ልብ ያቆማል።

ኢንሱሊን ላይ ደግሞ ዓይንሽን ክፈቺ። «ዩኒት» የሚለው ቃል በአንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ካጠረ፣ ፊደሏ ዜሮ መስላ 4 የነበረው 40 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ስትጽፊ ቃሉን ሙሉውን ጻፊ። ስታነቢ ከተጠራጠርሽ አትገምቺ፤ ደውዪ። «ዶክተር፣ ያዘዙት 4 ነው 40?»

«ይቺ ደግሞ ታበዛዋለች» ይሉሽ ይሆናል። ይበሉሽ! የሚያፍር ነርስ ሳይሆን የሚደውል ነርስ ነው የሚያስፈልገን።

ዛሬ ማታ ተረኛ ነሽ? መጀመሪያ እጅሽ የገባውን ካርድ ግለጪ። አንድ መድኃኒት ምረጪ። ሦስቱን ጥያቄዎች መልሺ። ጠዋት ርክክብ ላይ ለተተኪሽ አስረጂያት፤ እሷም የራሷን ይዛ እንድትመጣ ንገሪያት።