ባልና ሚስት በአንድነት የሚሠሩት ቤት

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ በሐርቡ አካባቢ ባልና ሚስት የጭቃ ቤት ሲሠሩ ብንመለከት ታላቅ ትምህርት እናገኛለን። ባል ጉድጓድ ቆፍሮ ቋሚውን ያቆማል፤ ማገሩንም ያስራል። ሚስት ውኃ ትቀዳለች፤ ጭድ ታቀርባለች፤ ግድግዳውንም ትለስናለች። ጭቃ ያለ ጭድ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድም ያለ ጭቃ ነፋስ ይወስደዋል። ሁለቱ በአንድነት ሲቦኩ ግን ጽኑ ግድግዳ ይሆናሉ።

ነገር ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ ሚስቱ በጀርባዋ ያመላለሰችውን ውኃ ረስቶ፥ በጠብ ጊዜ «ከቤቴ ውጪ» የሚል ባል ይገኛል። ይህ ግፍ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ መሆኑን ደንግጓል። ሕገ እግዚአብሔር ግን አስቀድሞ ሁለቱን ራሳቸውን አንድ ሥጋ አድርጓቸዋል፤ እንግዲህ አንድ ሥጋ የሆኑት እንዴት ሁለት ቤት ይኖራቸዋል?

ድንኳን ሰፊዎቹ አቂላና ጵርስቅላ በአንድ ሙያ አብረው ይሠሩ ነበር፤ ቤታቸውም የምእመናን መሰብሰቢያ ሆነ። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት የሚስቲቱን ስም ከባልዋ አስቀድሞ ጠርቷል፤ ቤቱንም የሁለቱ አድርጎ ጽፏል።

ስለዚህ ካህናት አባቶች ሆይ፥ አዲስ ቤት ጠበል ረጭታችሁ በምትባርኩበት ዕለት ባልየው «ቤቴ» ማለትን ትቶ «ቤታችን» እንዲል ታስተምሩት ዘንድ እንለምናችኋለን። ፍቅር የሌለበት ቤት ጣራው ቢከደንም ገና አልተሠራምና።