«ማን ተጫወተው?» ስለ ባንድ ሙዚቃ አደማመጥ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለስን የምንማር ተማሪዎች በየቀኑ የምንገባበት አንድ ተጨማሪ ክፍል አለን፤ እርሱም ታክሲ ነው። ከአስኮ ወደ ቡራዩ ወይም ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ሲኬድ ሾፌሩ ከሚያሰማው መካከል የቀድሞዎቹ ባንዶች ሥራ አይጠፋም። ነገር ግን ሁላችንም «ማን ዘፈነው?» እንላለን እንጂ «ማን ተጫወተው?» የሚል አልገጠመኝም። በፍላሽ የሚገለበጠውም ሙዚቃ ቢበዛ የዘፋኙን ስም ይዞ ይመጣል።

ለጥናት የሚመቸው፣ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው፣ «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ድርሰቱ የግርማ በየነ፣ ጨዋታው የዋልያስ ባንድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» በተባለው ሸክላ ላይ ወጣ። ዘፋኝ የለበትም፤ ስለዚህ ጆሮ በግጥም አይታለልም። አንባቢ ሦስት ጊዜ ያዳምጠው። በመጀመሪያው የመላከ ገብሬን ባስ ብቻ ይከተል፤ በሁለተኛው የተማረ ሐረጉን ድራም፤ በሦስተኛው የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ከነፋሾቹ ጋር የሚነጋገረውን።

ባሱ አጭር ሐረግ ይዞ የሚመላለሰው ስለ ምንድን ነው? ችሎታ አንሶ አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። አንቺሆዬን ብንወስድ፣ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶልና ላ ነው። የፈረንጁ ተራ ኮርድ ግን ዶ፣ ሚ፣ ሶል ይላል። ሚ የለ፣ ትክክለኛው ሶል የለ፤ ኮርዱ በምን ይቁም? በእንዲህ ያለው ቅኝት ላይ የፈረንጅ ኮርድ ከመደርደር ይልቅ ባሱን ማመላለስና ነፋሾቹን በአንድነት ማስነፋት ይሻላል፤ ዜማው አይበላሽም። በዚህ ላይ ሮክ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ሲቆጠር የእኛ ችክችካ በስድስት ይቆጠራል። (በአራት ሊያጨበጭብ የሞከረ እንግዳ በሰርግ ቤት ሲቸገር ያላየ የለም።)

«እሬ መላ መላ»ም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 መሐሙድ አሕመድ ሲዘፍኑት የተጫወተው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ በኋላ ሮሃ የተባለው ነው። መሐሙድ ክብራቸው ይገባቸዋል። ነገር ግን የባሱን ጆቫኒ ሪኮንና የጊታሩን ሰላም ሥዩምን የሚያውቅ ከመካከላችን ስንት ነው?

የእነዚህ ሰዎች ድካም ቀላል አልነበረም። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊ ምክንያት በሂልተን ሆቴል የገባ እንግዳ እስኪነጋ ስለማይወጣ፣ ዋልያስም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። አቶ ኃይሉ በዋሺንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስም ከመኪናቸው ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠሩት ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ እስኪመልሳቸው ድረስ፣ እኛ በታክሲ የምንሰማውን ሙዚቃ የተጫወቱት ሰው ራሳቸው ታክሲ ነጂ ነበሩ።

በስልክና በፍላሽ ሙዚቃ የምትገለብጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ሙዚቃዊ ስልት» ከሚለው ስም አጠገብ እነዚህንም ጨምሩ፤ ግርማ በየነ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ መላከ ገብሬ፣ ተማረ ሐረጉ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ ዮሐንስ ተኮላ፣ መሐሙድ አማን።